የ14 ዓመት ልጅ በከባድ ወንጀል ሲጠረጠር ዋስትና ያስፈልገዋል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የ14 ዓመት የእህቴ ልጅ በጠብ መሀል የጎረቤት ልጅ በጩቤ ወግቶ ታስሯል። ተጎጂው ሆስፒታል ተኝቷል። «ወንጀሉ ከባድ ስለሆነ ዋስ የለውም» ተባልን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ልጁ 14 ዓመቱ ከሆነ ክርክርዎ በዋስትና ላይ መሆን የለበትም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ጉዳይ የሚመራው በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 171 ጀምሮ ባለው ልዩ ሥርዓት ነው። አንቀጽ 172 ልጁ ወዲያው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ጉዳዩ ከተቀጠረ ወይም ወደ በላይ ፍርድ ቤት ከተላለፈ ልጁ ለወላጅ፣ ለአሳዳጊ ወይም ለዘመድ፣ እነሱ ከሌሉ በቀጠሮው ቀን ለሚያቀርበው ታማኝ ሰው ይሰጣል። ድንጋጌው ከባድ ወንጀልን ለይቶ አላስቀረም።

ስለዚህ የዋስ ገንዘብ ከማሰባሰብዎ በፊት የዕድሜ ማስረጃ ይያዙ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ቁመቱ ታይቶ «16» ተብሎ ከተመዘገበ ልጁ እንደ አዋቂ እስከ 14 ቀን የሚደርስ የምርመራ ቀጠሮ (ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ) ይሰጥበታል። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ ያቅርቡ። የሚቆጠረው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው። ምንም ሰነድ ከሌለ ፍርድ ቤቱ የሕክምና ምርመራ እንዲያዝ ይጠይቁ፤ ውጤቱ ግን ግምት ስለሆነ የክትባት ካርዱን ቤት ውስጥ ደህና አድርገው ይፈልጉ።

ማመልከቻው ላይ ልጁን የሚረከበውን ሰው ስም፣ ዝምድና፣ ሥራና አድራሻ ይጻፉ። ተጎጂው ጎረቤት ስለሆነ ሳቢያን አይመልሱት፤ ከዚራ ወይም መልካ ጀብዱ የሚኖር ዘመድ ቢረከበው ለልጁም ለተጎጂው ቤተሰብም ይሻላል። ሽምግልና ቁጣ ያበርዳል እንጂ መዝገቡን አይዘጋም። ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል። አሁን ከአዋቂዎች ጋር ታስሮ ከሆነ ዛሬውኑ ያመልክቱ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 53 ይከለክላል።

15 ዓመት ካለፈው ግን መደበኛው ሥርዓት ነው የሚሠራው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው ሊሞት የሚችል ከሆነ ዋስትና ይከለክላል። ያኔ ወሳኙ ተጎጂው ከሞት አደጋ መውጣቱን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ ነው። ከዚያም በአንቀጽ 67 ልጁ እንደማይጠፋ፣ ሌላ ወንጀል እንደማይፈጽም፣ ምስክር እንደማያባብል ማስረዳት አለብዎት። ዋስትናው ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይበሉ።