መልስ፦ ቡድሂዝምን ያነቃቃው አሜሪካዊው ኮሎኔል ነው?

ወንድሜ፣ «በስሪላንካ ቡድሂዝምን ከሞት ያስነሳው አንድ አሜሪካዊ ኮሎኔል ነው የሚባለው እውነት ነው?» ላልከው፣ ግማሹ እውነት ነው።

ሰውየው ሄንሪ ስቲል ኦልኮት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1880 ቴዎሶፊካል ሶሳይቲ የተባለውን መንፈሳዊ ማኅበር አብራው ከመሠረተችው ከማዳም ብላቫትስኪ ጋር የስሪላንካዋ ጎል ከተማ ደርሶ በሕዝብ ፊት አምስቱን የቡድሃ ትእዛዛት ተቀበለ። እስቲ አስበው፤ አገሩ በእንግሊዝ እጅ ነው፣ ትምህርት ቤቱ በአብዛኛው የሚሲዮናውያን ነው፣ የነጭ ሃይማኖት ይበልጣል ሲባል በኖረ ሕዝብ መሀል አንድ ነጭ ተንበርክኮ በፓሊ፣ በቡድሂዝም ቅዱሳት መጻሕፍት ቋንቋ፣ ቃል ይገባል! ወሬው ደሴቱን ቢያዳርስ አይገርምም።

እሳቱን የለኮሰው ግን እሱ አይደለም። መነኩሴው ጉናናንዳ በ1873 ፓናዱራ በምትባል የስሪላንካ ከተማ ከክርስቲያን ሰባኪዎች ጋር በአደባባይ ተከራክሮ ሕዝቡን አነቃንቆት ነበር። ኦልኮትንም ወደዚያ የሳበው የዚሁ ክርክር ዘገባ ነው።

የኦልኮት ትልቁ ሥራ ማደራጀት ነው። በ1881 የሃይማኖቱን ትምህርት በጥያቄና መልስ አዘጋጀ፤ ዘዴው ከሚሲዮናውያኑ የተወሰደ ነው፣ ይዘቱን ግን ታላቁ መነኩሴ ሱማንጋላ አይተው አጽድቀውታል። በ1884 ለንደን ድረስ ሄዶ የቡድሂስቶችን አቤቱታ አቀረበ፤ በዓመቱ ቬሳክ፣ የቡድሃ ልደት የሚታሰብበት ቀን፣ ሥራ የሚዘጋበት በዓል ሆነ። ዛሬም ያለው የኮሎምቦው አናንዳ ኮሌጅ በ1886 የተከፈተው በዚሁ እንቅስቃሴ ነው።

ስለዚህ ኦልኮት ብቻውን አነሳው ቢባል አልቀበልም። ገንዘቡን ያዋጣው፣ ልጁን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት አውጥቶ ወደ ቡድሂስት ትምህርት ቤት የላከው የአገሩ ሰው ነው። የኦልኮት አስተርጓሚ የነበረው ስሪላንካዊው ዳርማፓላ ደግሞ ኋላ ከእሱ ተለይቶ እንቅስቃሴውን በራሱ መንገድ መራው።