የመኪና ውስጥ ለማጽዳት የትኛው የእንፋሎት ማሽን ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ስለ ስቲም ማሽን አመራረጥ ከላቫጆ ባለቤቶች፣ መኪናቸውን ራሳቸው ከሚያጸዱና ከውጭ አገር ማሽን ሊልኩ ካሰቡ ወገኖች የመጡት ጥያቄዎች ተራ በተራ ይመለሳሉ። ብዙዎቹ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ ስለሆኑ ስሌት ያለባቸውን አላሳጠርኳቸውም።

ጥያቄ፦ ቃሊቲ ላቫጆ አለን። ለወንበርና ለክሩስኮት የሚሆን ማሽን ልንገዛ ነው። አንዱ ሻጭ 1500 ዋት ባለ 4 ባር፣ ሌላው 2000 ዋት ሆኖ "8 ባር" የተጻፈበት አቅርቦልናል። ባሩ የበዛውን እንውሰድ?

መልስ፦ ባሩን ለጊዜው ተዉትና ዋቱን እዩ። ባር የሚነግራችሁ እንፋሎቱ ምን ያህል ታምቆ እንደተቀመጠ ነው። በደቂቃ ስንት እንፋሎት እንደሚመረት የሚወስነው ግን ዋቱ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ያለ 1 ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት እንዲለወጥ 0.72 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ስለዚህ 1500 ዋት ማሽን ምንም ሙቀት ባይባክንበት እንኳ በደቂቃ ከ35 ግራም በላይ ሊሰጥ አይችልም። 2000 ዋቱ 46፣ 3000 ዋቱ 70 ግራም አካባቢ ይደርሳል። ካርቶኑ ላይ "1500 ዋት፣ በደቂቃ 100 ግራም" የሚል ካያችሁ፣ ያ ታምቆ የቆየው እንፋሎት በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሲፈነዳ የሚወጣው ብቻ ነው፤ አይዘልቅም።

እውነተኛ ቁጥር የሚሰጡት ማሽኖች ከዚህ ስሌት ጋር ይገጥማሉ። ዱፕሬይ ኒት 1.6 ሊትር ይዞ 50 ደቂቃ፣ ማክኩሎክ ኤምሲ1275 1.4 ሊትር ይዞ 45 ደቂቃ ይሠራል ይባላል። ስታካፍሉት እንደ ቅደም ተከተላቸው በደቂቃ 32 እና 31 ግራም ይሆናሉ፤ ለ1500 ዋት ትክክለኛ ቁጥር ነው። ሻጭ በነገራችሁ ቁጥር ሁሉ ይህችን ማካፈል ሥሩ።

ለጨርቅ፣ ለበር ፓነልና ለቁልፎች መሃል 4 ባር ይበቃል። 8 ባር የሚጠቅመው ለሞተርና ለቸርኬ ነው፤ እሱም 2000 ዋት ላይ ሲሆን ትንሽ እንደተጫነ ግፊቱ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ከሚመረተው የሚወጣው ይበልጣል። በቀን አንድ ሁለት መኪና ከሆነ 1500 ዋቱ ያሠራችኋል። ቀኑን ሙሉ የምትሠሩ ከሆነ ግን ሁለቱንም ትታችሁ 3000 ዋት፣ ቦይለሩ የማይዝግ ብረት የሆነ፣ እየሠራ ውሃ የሚጨመርበትን ፈልጉ።

ጥያቄ፦ እየሠራ ውሃ የሚጨመርበት ማለት ምንድነው? ዋጋው እጥፍ ነው፤ ያዋጣል?

መልስ፦ ሦስት ዓይነት ማሽን አለ። የመጀመሪያው ቦይለሩ ራሱ የውሃ ማጠራቀሚያ የሆነ፣ በክዳን የሚዘጋ ነው። ውሃው ሲያልቅ አጥፍታችሁ፣ የቀረውን እንፋሎት አስወጥታችሁ፣ እስኪበርድ ጠብቃችሁ ሞልታችሁ፣ እንደገና 8 ወይም 9 ደቂቃ ታሞቃላችሁ። በዚህ መካከል ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ክዳኑን ግፊት እያለ ለመክፈት መታገል ፊትና እጅ ያቃጥላል። ደርቆ በጋለ ቦይለር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም እንደዚያው ነው፤ ውሃው ወዲያው ተኖ ወደ ላይ ይተፋል።

ሁለተኛው ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀመጥበት ሌላ ጋን አለው፤ ፓምፕ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቦይለሩ ይገፋዋል። ሥራ ሳታቋርጡ ትሞላላችሁ። ለላቫጆ የሚያዋጣው ይሄ ነው፤ ዋጋው እጥፍ ቢሆንም ሠራተኛ ቆሞ የሚጠብቅበትን ሰዓት ይመልሳል።

ሦስተኛው ቦይለር የሌለው ነው፤ ፓምፑ ውሃውን በጋለ ብረት ውስጥ ያሳልፈዋል። በአንድ እጅ ከሚያዙት ርካሽ ማሽኖች እንዲህ የሆኑ አሉ። ወዲያው ይሞቃሉ፣ ግን ከእንፋሎቱ ጋር ፈሳሽ የፈላ ውሃ ይቀላቀላል። ለምድጃና ለሰድር ይሁኑ፤ ለመኪና ወንበር አልመክርም፤ ስፖንጁን ያርሱታል።

ጥያቄ፦ በ150 ዲግሪ እንፋሎት ፕላስቲኩና ሌዘሩ አይቀልጥም?

መልስ፦ 150 ዲግሪ 4 ባር ላይ ቦይለሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ነው። እንፋሎቱ ከኖዝሉ ሲወጣ ይስፋፋል፣ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፣ በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ከ100 በታች ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ጤዛ ሆኖ ዕቃው ላይ ሲያርፍ ከዚያ አያልፍም። አደጋው ኖዝሉን አስጠግቶ አንድ ቦታ ላይ መቆም ነው።

ለጠንካራ ፕላስቲክ 5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ራቁና እጃችሁን አታቁሙ። ለሌዘር ብሩሹን በማይክሮፋይበር ፎጣ ጠቅልላችሁ፣ እንፋሎቱን ቀንሳችሁ በፎጣው በኩል አሳልፉት፤ ከዚያ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ። አንጸባራቂ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ስክሪንና የጌጥ እንጨት ላይ ጨርሶ አትጠቀሙ፤ ይደበዝዛሉ ወይም ማጣበቂያቸው ይለቃል። ስለዚህ ስትገዙ እንፋሎቱን የሚቀንስ መቆጣጠሪያ መኖሩን አረጋግጡ። ያ ከሌለው ማሽኑ ለመኪና ውስጥ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እኔ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። እዚህ ጥሩ ማሽን በቅናሽ አግኝቼ ለወንድሜ አዲስ አበባ ልልክለት አስቤያለሁ። የሶኬት መቀየሪያ ብጨምርበት ይሠራለታል?

መልስ፦ እባክዎ በዚያ መልኩ አይላኩ። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት። መቀየሪያው የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። ማሞቂያው ላይ ቮልቱ በእጥፍ ሊጠጋ ሲል ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ 1500 ዋቱ 5000 ዋት ለመጎተት ይሞክራል። ብሬከር ካልቀደመው ማሞቂያው በሰከንዶች ይቃጠላል። ማውረጃ ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል፣ ግን ቢያንስ 2000 ዋት በተከታታይ የሚችል መሆን አለበት፤ ከባድ ነው፣ በላቫጆ እርጥበት ውስጥ ማስቀመጡም አደጋ አለው። ብሩን ልከውለት እዚያው ቢገዛ ይሻላል። ዱባይ ያለ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ የዚያ አገር ማሽን ከ220 እስከ 240 ቮልት ስለሆነ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለውን መሰኪያ በክብ መሰኪያ መለወጥ ብቻ ይበቃል። አዲሱ መሰኪያ ግን የመሬት መስመር ያለውና 16 አምፔር የሚችል ይሁን።

ጥያቄ፦ ኤክስቴንሽናችን እየጋለ ይሸታል። ማሽኑ 3000 ዋት ነው።

መልስ፦ ዛሬውኑ አቁሙት። 3000 ዋት በ220 ቮልት 13.6 አምፔር ነው፤ ለቴሌቪዥን የተሠራ ቀጭን ኤክስቴንሽን ይህን አይችልም። 2.5 ሚሊሜትር ስኩዌር የሆነ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ይግዙ፤ ሲሠራ ደግሞ ከመጠቅለያው ሙሉ በሙሉ ይዘርጉት፤ ተጠቅልሎ ከቀረ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በዚያው መስመር ላይ ቫኪዩም አይሰኩ። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ለመሥራት ቢያንስ 4 ኪሎቮልት አምፔር ያስፈልጋል። ቦታው ውሃ ስላለበት ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ብሬከር ሳያስገቡ ሠራተኛ አያሠማሩ።

ጥያቄ፦ ምን ውሃ እንጠቀም? የጉድጓድ ውሃ ነው ያለን፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል።

መልስ፦ ያ ቅርፊት ቦይለሩ ውስጥም ይሠራል። ማሞቂያውን ይሸፍነዋል፣ ሙቀቱ ወደ ውሃው ስለማይደርስ ማሞቂያው ራሱን ያቃጥላል። ፍርፋሪው ደግሞ ኖዝሉን ይደፍነዋል። ማሽን ቶሎ የሚገድለው ይሄ ነው።

ግማሽ የቧንቧ ወይም የጉድጓድ፣ ግማሽ የተጣራ የባትሪ ውሃ ቀላቅላችሁ ተጠቀሙ። ንጹሕ የተጣራ ውሃ ብቻውን የማይሆነው፣ አንዳንድ ማሽኖች የውሃውን መጠን የሚለዩት ኤሌክትሪክ በማስተላለፉ ስለሆነ ነው፤ ማዕድን ከሌለው "ውሃ የለም" ብለው ያስባሉ። ስትገዙ ጽሑፉን ሁለቴ አንብቡ፤ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። በክረምት ጣሪያው አንዴ ከታጠበ በኋላ የተቀዳ፣ በጨርቅ የተጣራ የዝናብ ውሃም ጥሩ ነው።

በየሳምንቱ ማሽኑ ሲበርድ ከታች ባለው መክፈቻ ጨርሳችሁ ድፉት። በወር አንዴ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 25 ግራም ሲትሪክ አሲድ አሟሙታችሁ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ለአንድ ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። ይህ ለማይዝግ ብረት ቦይለር ነው፤ አልሙኒየም ከሆነ የአምራቹን መመሪያ ተከተሉ፣ አሲድ ይበላዋል። መድፊያ የሌለው ማሽን ርካሽ ቢሆንም አትግዙ።

ጥያቄ፦ ሳሙና ቦይለሩ ውስጥ ጨምሮ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። አረፋው በእንፋሎቱ መስመር ይወጣል፣ የደህንነት ቫልቩንም ሊደፍን ይችላል። ማጽጃውን በመርጫ አድርጋችሁ በሚጸዳው ዕቃ ላይ ንፉት፣ ከዚያ እንፋሎቱን።

ጥያቄ፦ የጭንቅላት ማስደገፊያው በቅቤ ጠቁሯል፣ ከላይ ያለው የጣሪያ ጨርቅም ነክቶታል። እንፋሎት ያወጣዋል?

መልስ፦ ለቅቤ ከእንፋሎት የተሻለ ነገር የለም፣ አጠቃቀሙን ካወቁ። ቅቤ ቶሎ ይቀልጣል፤ ካልተነሳ ግን ቀልጦ ወደ ስፖንጁ ይወርዳል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ቅባት የሚያነሳ የጨርቅ ማጽጃ ንፉ፣ 3 ደቂቃ ጠብቁ፣ ብሩሹን በፎጣ ጠቅልላችሁ ከዳር ወደ መሃል እንፋሎት ስጡ፣ ፎጣው በቀለመ ቁጥር ገጹን ቀይሩ። ለአንድ ወንበር አራት ወይም አምስት ፎጣ መቁጠር የተለመደ ነው። ሌዘር ከሆነ ግፊቱ ዝቅ ይበል።

የጣሪያው ጨርቅ ግን ሌላ ነው። ጨርቁ ከስስ ስፖንጅ ጋር በማጣበቂያ ነው የተያያዘው፤ ሲሞቅና ሲርስ ማጣበቂያው ይለቅና ይንጠለጠላል፣ መልሶ ማልበስ ደግሞ ውድ ነው። እዚያ ላይ እንፋሎቱን ወደ ፎጣው ስጡና በሞቀው ፎጣ ብቻ እየነካችሁ አንሱ፤ አትሹ።

ደምና ወተት ግን በተቃራኒው ናቸው። ሙቀት ከጨርቁ ጋር ያጣብቃቸዋል፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አውጧቸው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ መጠቀም አደጋ አለው? አሁን የሚመጡልን ብዙዎቹ እነሱ ናቸው።

መልስ፦ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ጥያቄው ተገቢ ነው። ወንበር፣ ምንጣፍና የበር ፓነል ላይ ልዩነት የለውም። ብርቱካናማ ገመድ ያያችሁበት ቦታ ግን ከፍተኛ ቮልት ነው፤ እንፋሎትም ውሃም አታስጠጉ። ከወንበር ሥር ያለው ቢጫ መገናኛ በማንኛውም መኪና ላይ የኤርባግ ነው፤ እሱንም፣ የመሪውን መሃልም፣ የመስኮት ቁልፎችንም በእንፋሎት በነካ ፎጣ እንጂ በቀጥታ አትንኩ።

ጥያቄ፦ ስቲም ከገዛን ውሃ የሚመጥ የወንበር ማጠቢያ ማሽን አያስፈልገንም?

መልስ፦ ያስፈልጋችኋል። እንፋሎት ቆሻሻን ያላላል፣ አይመጥም። ፎጣው የሚያነሳው ላዩን ነው። በክረምት ጭቃ የገባበት ምንጣፍ ወይም ሻይ የፈሰሰበት ወንበር መመጠጥ አለበት። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃና ደንበኞቻችሁ የጨርቅ ወንበር የሚያሳጥቡ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚመጠውን ግዙ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ማሽን ስንገዛ ምን እንፈትሽ?

መልስ፦ ባዶውን አትቀበሉ፤ ውሃ ሞልታችሁ እዚያው አስነሱት። እስኪሞቅ ሰዓት ያዙ። 1.5 ሊትር የያዘ 1500 ዋት ማሽን 9 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል፤ 15 ካለፈ ቅርፊት ይዞታል ወይም ማሞቂያው ደክሟል። ከዚያ ቱቦው ውስጥ የበረደውን ውሃ ለ10 ሰከንድ ወደ ፎጣ አስወጡ። ቀጥሎ ሳትለቁ አንድ ደቂቃ ይዛችሁ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ከ10 ሴንቲሜትር ንፉት፤ ስስ ጤዛ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ወራጅ ጠብታ ከሆነ ይተፋል። የእጀታውና የክዳኑ ኦሪንግ ዙሪያ የሚያፏጭ ካለ የጎማ ቀለበቱ ያለቀ ነው፤ እሱ ርካሽ ነው፣ መለዋወጫው እንደሚገኝ ብቻ ጠይቁ። በመጨረሻ ነቅላችሁ አብርዳችሁ መድፊያውን ክፈቱ። የሚወጣው ውሃ ዝገት ካለው ወይም ነጭ ፍርፋሪ በብዛት ካለበት፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ አትውሰዱት።