ጥፍር ያላት እንቁራሪት

ጥያቄ፦ ልጄ «ጥፍር ያላት የዛፍ እንቁራሪት በፎቶ አየሁ» ብሎ ሙጭጭ አለብኝ። እውነት ነው ወይስ የፎቶሾፕ ሥራ ነው? (አንዲት እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ልጅዎ እውነቱን ነው። ሃይሎሲርተስ ሂሊሲ ትባላለች፤ ለሳይንስ የተዋወቀችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ተመራማሪዎቹ ኢኳዶር ውስጥ፣ ኮርዲዬራ ዴል ኮንዶር ተራራ ላይ፣ ሁለት ቀን ዳገት ወጥተው ነው ያገኟት። እላይ ዛፉ ድንክ ነው፣ የወንዙ ውሃ ጥቁር። እሷም ወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ላይ ቁጭ ብላ፣ ቀለሟ ከቅርንጫፉ አይለይም።

ፎቶዋን አጉልቼ አየሁት። ጥቁር ቡናማ ገላዋ ላይ ያሉት ብርቱካናማ ነጠብጣቦች ፍም ይመስላሉ! ጥፍር መሳዩ ነገር ከአውራ ጣቷ ሥር ወጥቷል። ከአዳኝ ለመከላከያ ወይም ወንዶቹ እርስ በርስ ሲጣሉ ሳይጠቅም አይቀርም ይላሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መኖሪያዋ ጠባብ ነው፤ በአቅራቢያው ደግሞ ትልቅ የማዕድን ቁፋሮ አለ።