ኤም ቢ ኤ (የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ) ለመማር ለምታስቡ፦ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን ስትመርጡ

ልጆቼ፣

ከመንዝም ኑ ከመርሐቤቴ፣ ከሸዋ ሮቢትም ሆነ ከዚሁ ከደብረ ብርሃን፣ ፍሬሽማን ጨርሳችሁ ዲፓርትመንት ልትሞሉ የተሰናዳችሁ ብዙዎቻችሁ «ኋላ ኤም ቢ ኤ ስለምማር ማኔጅመንት ልሙላ» ስትሉ እሰማለሁ። ከመሙላታችሁ በፊት ይህን እወቁልኝ፤ ኤም ቢ ኤ ለመግባት የማኔጅመንት ዲግሪ ግዴታ አይደለም። ትምህርቱ በዋናነት የሚጠቅመው ሌላ ሙያ ይዞ፣ አሁን ደግሞ ሰውና ገንዘብ መምራት ለመጣበት ሰው ነው። ማኔጅመንት ጨርሶ በቀጥታ ኤም ቢ ኤ የሚገባ ልጅ ማርኬቲንጉን፣ የሰው ኃይል አስተዳደሩን፣ የፋይናንስ መግቢያውን እንደገና ይማረዋል። ሁለት ዓመትና የትምህርት ክፍያው ሲታሰብ ትርፉ ትንሽ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትሠሩበትን ዘርፍ ምረጡ። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዙሪያችሁን እዩ። ደብረ ብርሃን የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ፣ ለሚ ላይ ሲሚንቶ ይመረታል። እንዲህ ያለ ቦታ የምርት ክፍል ኃላፊ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑን ወይም ሂደቱን የሚያውቀው ሰው ነው፤ የኬሚካል፣ የምግብ፣ የሜካኒካል፣ የኤሌክትሪካል ወይም የቴክስታይል ምሩቅ። ኤም ቢ ኤ ለእሱ በእጁ ያለው ሙያ ላይ ይጨመርለታል። የመንዝን በግ፣ የደጋውን ገብስ፣ የቆላውን ማሾ ገበያ ለሚያስብ ደግሞ የእንስሳት ሳይንስ ወይም አግሪካልቸራል ኢኮኖሚክስ ትልቅ በር ነው። ይህን ዘርፍ ወጣቶች ሲንቁት ማየት ያሳዝነኛል።

ሶሻል ለሆናችሁ ምክሬ ኢኮኖሚክስ ወይም አካውንቲንግ ነው። ሒሳብ የሚወድ ኢኮኖሚክስ ይግባ፤ ስታቲስቲክሱና ኢኮኖሜትሪክሱ ለማስተርስ ጥናት ጽሑፍ ይጠቅመዋል። ቶሎ ሥራ መያዝ የሚፈልግ አካውንቲንግ ይምረጥ፤ ከወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት እስከ ባንክ ቅርንጫፍ መዝገብ የማይያዝበት ቦታ የለም። ማኔጅመንት የደረሰው ልጅም አይደንግጥ። ኤክሴልን በደንብ ይልመድ፣ ስታቲስቲክስን አጥብቆ ይያዝ፤ ለማስተርስ ሲያስብ ከጠቅላላ ኤም ቢ ኤ ይልቅ እንደ ሎጂስቲክስ ወይም ፋይናንስ ያለ ጠበብ ያለ ሙያ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ፊዚክስ የከበደው ልጅ ለስሙ ብሎ ምሕንድስና አይግባ። አምስት ዓመት ነው፤ በ2.2 ከወጣ ያ ውጤት ማስተርስ ሲያመለክትም ይከተለዋል።

ኤም ቢ ኤ ውስጥ ብዙ ሰው የሚወድቀው ቁጥር ላይ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ100,000 ብር የተገዛ ማሽን በየዓመቱ መጨረሻ 40,000 ብር ለሦስት ዓመት ያስገባል እንበል። ድምሩ 120,000 ስለሆነ 20,000 ብር ያተረፈ ይመስላል። ገንዘቡ የተገኘው በ15 በመቶ ወለድ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ዓመት 40,000 ዛሬ የሚያወጣው 34,783፣ የሁለተኛው 30,246፣ የሦስተኛው 26,301 ብር ገደማ ነው (ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ጊዜ ለ1.15 እየተካፈለ)። ሲደመር 91,330 ብር ገደማ ነው፤ የተገዛበትን 100,000 አይሞላም፤ ማሽኑ አክሳሪ ነው። ይህን ስሌት በእጃችሁ ከቻላችሁ የፋይናንስ ኮርሱ አያስፈራችሁም። ከሌላ ሙያ የምትመጡ ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስቱን የሒሳብ መግለጫዎች ማንበብ ተማሩ፤ የሀብትና ዕዳውን፣ የትርፍና ኪሳራውን፣ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን። ዲቢትና ክሬዲት ሳያውቁ መግባት የመጀመሪያውን ሴሚስተር ያበላሻል።

በዲግሪውና በኤም ቢ ኤው መካከል ሁለት፣ ሦስት ዓመት ሥሩ። ክፍል ውስጥ የሚነሳው ክርክር ስለ ደመወዝ፣ ስለ ግዢ፣ ስለ መጋዘን ነው፤ ያልሠራ ሰው አድማጭ ብቻ ይሆናል። ጥናት ጽሑፍ ሲመጣም መረጃ የሚሰጣችሁ ድርጅት የሚያውቃችሁ ድርጅት ነው። ውጭ አገር ለምታስቡም ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። ጂማት የሚባለው የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና የሚጠየቅበት ቦታ ከሆነ ፈተናው እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ የሚወስዱ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ የሒሳቡ ክፍል ላይ ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ነው። ስለዚህ ገና ተማሪ ሳላችሁ አትቸኩሉ።

አገር ውስጥ ደግሞ 50 በመቶ የሚጠይቀውን የመውጫ ፈተና ታልፋላችሁ፤ ለማስተርስ ደግሞ ጋት የሚባል የመግቢያ ፈተና አለ። ወረቀቱንም ከአሁኑ አስቡበት። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትማሩ የትምህርቱን ወጪ በከፊል ኋላ ለመክፈል የወጪ መጋራት ውል ትፈርማላችሁ፤ ዕዳው ሳይከፈል ዋናው ዲግሪ አይሰጥም፣ ቴምፖ (ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት) ብቻ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ተቀጥራችሁ ስትሠሩ በየወሩ ከደመወዝ መቆረጡን አረጋግጡ፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ ስለሚሄድና ጊዜ ስለሚፈጅ፣ የማመልከቻው ጊዜ ሳይደርስ ቀድማችሁ ጠይቁ።