ግንቦት የሚከፈት፣ ነሐሴ የሚገጥም ስንጥቅ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አቃቂ ሜዳ ላይ ያለ ባለ አንድ ወለል የብሎኬት ቤት ነው፤ ከተሠራ ስድስት ዓመቱ። በምዕራብ በኩል ካለው መኝታ ቤት መስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው የሚወጣ፣ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ አለው። በበጋ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች ደርቦ ያስገባል፤ ክረምት ሲገባ ይጠባል። የዚያው ክፍል በር ግንቦት ላይ ወለሉን ይፈትጋል፣ ነሐሴ ላይ ያለችግር ይዘጋል። ስንጥቁን ሁለት ጊዜ በሲሚንቶ አስሞሉት፤ ሁለቱንም ጊዜ አጠገቡ ሌላ ተሰነጠቀ። አሁን ሥራ ተቋራጩ «መሠረቱ ሥር ቆፍረን አርማታ እንሙላ» ብሏል። ጠያቂዋ እናት «ልስማማ ወይስ ልተወው?» ይላሉ።

እናቴ፣ አይስማሙ። ቢያንስ ዘንድሮ አይስማሙ።

ከስንጥቁ ይልቅ ብዙ የነገረኝ በርዎ ነው። መሠረቱ ደካማ ሆኖ የሰመጠ ቤት እንደ ሰመጠ ይቀራል እንጂ በክረምት ተመልሶ አይነሣም። የእርስዎ ግን ይወርዳል፣ ይነሣል። እንዲህ የሚያደርገው መረሬ ነው፤ አንዳንዱ ኮትቻ፣ አንዳንዱ ዋልካ ይለዋል። የዚህ ጥቁር አፈር ቅንጣቶች እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ስሶች ናቸው። ውሃ በገጾቹ መካከል ሲገባ ያብጣል፣ ሲወጣ ይኮማተራል፤ በበጋ ሜዳው ላይ እግር የሚያስገባው ስንጥቅ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሲያብጥ በካሬ ሜትር 10 ቶንና ከዚያም በላይ ሊገፋ ይችላል። ፎቅ ቤት በክብደቱ ይጫነዋል፤ እንደ እርስዎ ያለውን ቀላል ቤት ግን ያነሣዋል። ገበሬው ይህን ከእኛ በፊት ስለሚያውቅ መረሬውን ለጤፍና ለሽምብራ ትቶ ቤቱን ወደ ተዳፋቱ ያወጣል። ሜዳውን አይተን «ለግንባታ ምቹ» ያልነው እኛ ከተሜዎች ነን።

አፈሩን መጠርጠር ብቻ የማይበቃዎ ከሆነ ቤትዎ ውስጥ ይፈትኑት። ከግማሽ ሜትር ጥልቀት ጥቂት አፈር አውጥተው በደንብ ያድርቁ፣ ፈጭተው በወንፊት ይንፉ። ቀጥ ያለ ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ሞልተው ከፍታውን በምልክት ይያዙ። አፈሩን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ብርጭቆው ላይ ውሃ ይሙሉ፣ ከዚያ አፈሩን ቀስ እያሉ ይበትኑበትና እስከ ማግስቱ ይተዉት። የረጋው አፈር ከምልክቱ እጥፍ ከደረሰ ለቀላል ቤት አደገኛ ነው። ምልክቱን በግማሽ እንኳ ካላለፈ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ላቦራቶሪ ውስጥም የሚሠራው በመሠረቱ ይኸው ነው፣ በተሻለ መለኪያ።

ግን ሁሉም ጎረቤትዎ መረሬ ላይ ነው የሚኖረው። የእርስዎ ቤት ለምን ተለየ? መልሱን በጻፉልኝ ውስጥ በጎን ጠቅሰው አልፈውታል። በምሥራቅ በኩል የቆመው ሮቶ «ትንሽ ያንጠባጥባል» ብለዋል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ባሕር ዛፍ አለ፤ ቤቱ ሲሠራ ችግኝ ነበር። እንግዲህ የምሥራቁ ማዕዘን በጋ ከክረምት እንደ ረጠበ ነው፤ አይንቀሳቀስም። የምዕራቡን ባሕር ዛፉ በበጋ መጥጦ ያደርቀዋል፤ ማዕዘኑ ይወርዳል፣ ስንጥቁም ከላይ ይከፈታል። መረሬ በሙሉ እኩል ቢረጥብ ወይም በሙሉ እኩል ቢደርቅ ቤቱ አብሮት ይነሣና ይወርድ ነበር። ግድግዳ የሚቀድደው ልዩነቱ ነው።

ሲሚንቶው ለምን እንደ ከዳዎ ልንገርዎ፤ እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ጥፋት ስለሠራሁ አውቀዋለሁ። አንድ ቤት ስንጥቁ አፉን በከፈተበት በግንቦት ወር ጠንካራ ሲሚንቶ ሞልቼ፣ ለስኜ፣ ቀለም ቀብቼ ሂሳቤን ተቀበልኩ። ነሐሴ ላይ ግድግዳው ሊገጥም ሲል የሞላሁት ሲሚንቶ እንደ ሽብልቅ ሆኖ አላስገጥም አለው፤ ሦስት ጣት አልፎ አዲስ ቦታ ተሰነጠቀ። ባለቤቱ ጠርቶ ሲያሳየኝ ያፈርኩት እስካሁን አይለቀኝም። ስለዚህ ስንጥቁን ለጊዜው አይንኩት። ነፋስና ነፍሳት ካስቸገረዎ በጨርቅ ወይም በለስላሳ ማሸጊያ ይድፈኑት።

መጀመሪያ ውሃውን መስመር ያስይዙ። የሮቶውን መገጣጠሚያ ዛሬ ያሠሩ። ማታ ቧንቧ ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፤ ጠዋት ከተቀየረ ከመሬት በታችም የሚያፈስ አለ ማለት ነው። የአሸንዳው መውረጃ ግድግዳው ሥር የሚደፋ ከሆነ በቱቦ ቢያንስ 3 ሜትር አርቀው ወደ ቦዩ ይስደዱት። ግድግዳውን ተጠግቶ የሚጠጣ የአትክልት መደብ ካለ ያንሱት። በበጋ «አፈሩን እናርጥብ» ብሎ በጎማ ውሃ ወደ መሬቱ ስንጥቅ መልቀቅም አያዋጣም፤ ውሃው በደረሰበት ቦታ ብቻ ያብጣል።

ባሕር ዛፉ ላይ ጎረቤትዎን ቡና ጠርተው ያነጋግሩ። ዛፉ ከቤቱ በኋላ ስላደገ መቁረጡ አያስፈራም፤ አፈሩ ያጣውን ውሃ በአንድ ሁለት ክረምት ይመልሳል። ጉቶው መልሶ እንዳያቆጠቁጥ ግን ይከታተሉ። (ዛፉ ከቤቱ በፊት የነበረ ቢሆን ምክሬ ይለወጥ ነበር፤ ለዓመታት ያደረቀው አፈር ዛፉ ሲወገድ አብጦ ቤቱን ሊያነሣ ይችላል።) ጎረቤትዎ እምቢ ካሉ በአጥርዎ በኩል ከቤቱ ርቆ ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ ጥልቀት ያለው ጠባብ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ወፍራም ፕላስቲክ በቁሙ አስገብተው፣ በወጣው አፈር መልሰው ይጠቅጥቁት። ሥር ማገጃነቱ ሙሉ አይደለም፣ ግን ይረዳል።

በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ሊሾ ያስነጥፉ፤ በየሜትሩ 5 ሳንቲም ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይዝቀዝቅ፣ ከሥሩም ወፍራም ፕላስቲክ ይኑር። ጊዜው ጥቅምት ወይም ኅዳር ነው፤ ግንቦት ላይ ካነጠፉት የደረቀውን አፈር እንደ ደረቀ ይከድኑታል። ሊሾው ከግድግዳው ጋር በፌሮ አይታሰር። መካከሉን በሬንጅ ይድፈኑት፤ ሁለቱ ለየብቻ ይንቀሳቀሱ።

ከዚያ መለካት ነው። ስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ሚስማር ይምቱ፣ በየወሩ መጀመሪያ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ከነቀኑ ይጻፉ። አንድ ዓመት ሙሉ። የበጋውና የክረምቱ ልኬት ልዩነት እየጠበበ ከመጣ ውሃው መስመር ይዟል። ያኔ ስንጥቁ በጣም ባልሰፋበት፣ ገጥሞም ባላለቀበት ወቅት የላላውን ልስን አንሥተው፣ የሽቦ መረብ መትተው ያስለስኑት። ስንጥቁ ከ15 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ሁለቱ ጎኖቹ አንዱ ወደ ውጭ አንዱ ወደ ውስጥ ከወጡ፣ ወይም ኮለኑና ግሬድ ቢሙ (የአርማታው ምሰሶና ግድግዳው ያረፈበት አግዳሚ አርማታ) ራሳቸው ከተሰነጠቁ ግን ዓመት አይጠብቁ፤ የስትራክቸር መሐንዲስ ይጥሩ።

የተቋራጩን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልነቅፍም፤ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ቁፋሮው እንቅስቃሴ ከሌለው አፈር ላይ ካልደረሰ አርማታው በዚያው መረሬ ላይ አብሮ ይዋኛል፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ሲጠነክር ደግሞ የተቀረው ቤት ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ «ስንት ሜትር ትወርዳለህ? ምን አፈር ላይ ታርፋለህ?» ብለው ይጠይቁት። «ስንጀምር እናያለን» ካለ አሰናብቱት። አንድን ጎን በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ከፍቶ የሚቆፍርንም እንዲሁ፤ ሥራው አንድ አንድ ሜትር እየተዘለለ፣ በደረቅ ወራት የሚሠራ ነው።

በግቢው ጥግ ልጅዎ ሊሠራ ላሰበው ክፍል ደግሞ ይህን ይንገሩት። መረሬውን አውጥቶ በልቅ ቀይ ጠጠር መሙላት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። ጠጠሩ ውሃ ያሳልፋል፣ ዙሪያው ያለው መረሬ አያሳልፍም፤ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል። ይልቅ የማያብጥ ጥሩ ገረጋንቲ (የሙሌት አፈር) በ20 ሳንቲም ሜትር ንብርብር እየረጠበ፣ በማሽን እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ፉቲንጉ (ምሰሶው ከሥር የሚያርፍበት አርማታ) ከመረሬው በታች ጠንካራው ላይ ይረፍ፤ ከግሬድ ቢሙ ሥር አፈሩ የሚያብጥበት ባዶ ቦታ ይተውለት። አዲሱንም ክፍል ከአሮጌው ግድግዳ ጋር እንዳያያይዘው፤ መካከሉ ሁለት ሳንቲም ሜትር ክፍት ይሁንና ከላይ በቆርቆሮ ይከደን።