ለኬንያው ጉዞ፦ ኪሱሙን ሰርዘው

ወንድሜ፣ በ7 ቀን ናይሮቢን፣ ማሳይ ማራን፣ ኪሱሙንና ሞምባሳን አዳርሳለሁ ወይ ብለሃል። አይሆንም። ማለቴ ይሆናል፣ ግን ስታስበው የሚተርፍህ የመኪና ወንበር ብቻ ነው። ኪሱሙን ሰርዘው፤ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ከተማ ናት፣ ሐይቅ ካማረህ ግን ዝዋይ ቅርብህ ነው።

ዋናው ነገር ትኬቱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ናይሮቢም ሞምባሳም ስለሚበር በአንዱ ገብተህ በሌላው ውጣ፤ ወደ ናይሮቢ ተመልሰህ ልብረር ካልክ አንድ ቀን ተበላ። የዱር አራዊቱ ፓርክ ማራ ከናይሮቢ በመኪና ከ5 እስከ 6 ሰዓት ስለሚፈጅ ሁለት አዳር ካልያዝክለት ባትሄድ ይሻላል። ከዛ ናይሮቢ ተመልሰህ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ በጀመረው ባቡር ወደ ሞምባሳ ውረድ። ፈጣኑ 5 ሰዓት ገደማ ነው፣ የፃቮን የዱር አራዊት ፓርክ አቋርጦ ስለሚያልፍ መስኮት ጋ ከተቀመጥክ ዝሆን ልታይ ትችላለህ፣ ቀዩ አፈር ላይ ስለሚንከባለሉ ቀይ መስለው ነው የሚታዩት። ትኬቱን ግን ቀደም ብለህ ቁረጥ። የናይሮቢው ጣቢያም መሃል ከተማ አይደለም፣ ዳር ላይ ሲዮኪማው የሚባል ሰፈር ነው፤ የናይሮቢ መንገድ ሲዘጋጋ ደግሞ መገናኛን ያስንቃል።

ሱሉልታ ነኝ ስላልክ፣ በረራህ የጠዋት ከሆነ ማታውኑ ቦሌ አካባቢ ዘመድ ጋ እደር። በዛ ሌሊት ከሱሉልታ መኪና ፍለጋ አትንከራተት።