ወፍራም የእጅ ፊደል ፎንት ሲሆን ቀዳዳው ለምን ይደፈናል?

እህቴ፣ ለልጆች መጽሐፍ ሽፋን በማርከር የሳልሻቸው ድቡልቡል ፊደላት ወረቀት ላይ አምረው ሳለ ፎንት ሲሆኑ «ቤ» እና «ጨ» ለምን እንደሚደፈኑ፣ «ቡ» እና «ቢ» ለምን እንደሚምታቱ ጠይቀሻል። ውፍረቱን የወሰንሽው በ«ሀ» እና በ«በ» ይመስላል። እነሱ ሰፊ ስለሆኑ የፈለግሽውን ያህል ብታወፍሪያቸው ይችሉታል። ውፍረት የሚለካው በጠባቦቹ ነው፤ መጀመሪያ ጨ፣ ጬ፣ ቤ እና ሔን ሳዪ።

«ቤ»ን በቅርብ እንየው። ፎንት በሚሳልበት ባለ 1000 አሃድ ሰሌዳ ላይ ቁመቱ 750፣ የእግሩ ውፍረት 180 ይሁን። የግርጌውን ቀለበትም በ180 ውፍረት ከሳልሽው ላይና ታቹ 360፣ የመሀሉ ክፍተት 80፣ በድምሩ 440 ይሆናል፤ ከፊደሉ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ስታሳንሺው የሚጠፋው መሀሉ ነው። የቀለበቱን መስመር 95 አድርጊው፤ ድምሩ ወደ 270 ይወርዳል፣ ዓይንም ቀጭን ነው አይለውም።

ካዕብና ሣልስን ለመለየት የ«ቡ»ን ቅጥያ ከመሀል ትንሽ ከፍ አድርጊ፣ የ«ቢ»ን ግርጌው ላይ አስረግጠሽ አስረዝሚው። የ«ባ» እና የ«ቦ» አጭር እግርም በደንብ ይጠር፤ በወፍራም ፊደል የ100 አሃድ ልዩነት አይታይም፣ 200 ይሻላል። እነ ሸ፣ ቸ፣ ኘ የራስ መስመራቸው ትንሽ ከጓደኞቻቸው በላይ ቢወጣ ምንም አይደል፤ ለጨዋታ ፊደል እንዲያውም ውበት ነው።

ቀዳዳው ጭራሽ ጥቁር ከሆነ ግን ጥፋቱ ሌላ ነው። በ600 ዲፒአይ (በኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርገሽ ኢንክስኬፕ በሚባለው የመሳያ ፕሮግራም ወደ ቬክተር፣ ማለትም በመስመር ወደተሠራ ሥዕል፣ ከቀየርሽ በኋላ የውስጡና የውጩ መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ ቀዳዳው ይሞላል። ፎንትፎርጅ በሚባለው የፎንት መሥሪያ ፕሮግራም ላይ መጀመሪያ አቅጣጫ ማረሚያውን ተጠቀሚ፣ ቀጥሎ ተደራራቢ መስመሮችን አዋህጂ። የተሠራ ቀጭን ፎንት ላይ ስትሮክ (በፊደሉ ጠርዝ ዙሪያ የሚሰመር መስመር) ጨምሮ ማወፈር አይረዳም፤ ስትሮኩ ወደ ውስጥም ስለሚያድግ ቀዳዳውን ይበላዋል።

231ዱን መደበኛ ፊደላት ስትጨርሺ እነ ሏ፣ ቧ፣ ጓ እንዳይረሱ። «ጓደኛ» የሚል ርዕስ ላይ «ጓ» ብቻ ከሌላ ፎንት መጥቶ ሽፋኑን ያበላሸዋል። ለሚደጋገሙትም ሁለተኛ ቅጂ ሳዪላቸው፤ «አባባ» ውስጥ ሁለቱ «ባ» ቁርጥ አንድ ከሆኑ የእጅ ሥራነቱ ይጠፋል።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ለሽፋን፣ ለጭማቂ ቤት ታፔላ፣ ለብስኩት ማሸጊያና ለስቲከር ይሆናል፤ ለአንቀጽ በፍጹም። ያ 80 አሃድ ክፍተት በ36 ነጥብ የፊደል መጠን ሲታተም 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቲሸርት ላይ ቀለሙ ስለሚሰፋ ከ36 ነጥብ በታች አትውረጂ፤ ከማሳተምሽ በፊትም «ጨ» እና «ቤ» ያሉበትን ቃል በትክክለኛው መጠን በዚያው ጨርቅ ላይ አስሞክሪ።